መጀመሪያ መውጫ ስጡት፦ ጉድጓድ፣ አስፋልትና ቤት ውስጥ የተቸገሩ ትንንሽ የዱር እንስሳትን ለማዳን

አምና ኅዳር ላይ ተሁለደሬ ዘመድ ጋ አድሬ ነበር። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ውሃ ማቆሪያው ወረድኩ። ታውቁታላችሁ፣ ያ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ጎኑ በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠው ጉድጓድ። ከዳር የሆነ ነገር ይንቦጫረቃል። ጠጋ ብዬ ሳይ ሸለምጥማጥ ናት። የፊት እግሮቿን ፕላስቲኩ ላይ ትሰቅላለች፣ አንድ ክንድ ያህል ትወጣለች፣ ከዚያ ሸርተት ብላ ተመልሳ ውሃ ውስጥ። ጥፍሯ ፕላስቲኩን የቧጨረበት ነጭ ነጭ መስመር የጉድጓዱን ግማሽ ዞሯል። ሌሊቱን ሙሉ መውጫ ስትፈልግ ነው ያደረችው።

አክስቴ ከኋላዬ መጥታ አየቻትና «ተዋት! ስንት ዶሮዬን የፈጀች ናት» አለች። አልፈርድባትም። ግን እያየኋት ትስጠም ብዬ መቆም አልቻልኩም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጎንበስ ብዬ ማጅራቷን ይዤ ማውጣት ነበር። ደግነቱ አላደረግኩትም፣ ምክንያቱም የምትሰጥም ሸለምጥማጥ ያገኘችውን ትነክሳለች። በምትኩ ከአጥሩ አንድ ረጅም አጣና ነቀልኩ። የእግሯ መቆንጠጫ እንዲሆን አሮጌ ማዳበሪያ ጠመጠምኩበት፣ አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ሌላውን ከዳር አጋድሜ አስቀመጥኩት። ከዚያ አክስቴን ይዤ ከካቡ ጀርባ ዞርኩ። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አጣናው ላይ ወጣች፣ መሐል ላይ ቆም ብላ ተንፈራገጠች፣ ራሷን አራገፈችና ቁልቋሉ ውስጥ ገባች።

አልነካኋትም። የትም አልወሰድኳትም። ልነግራችሁ ከፈለግኩት ነገር አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ። የዱር እንስሳ አደገኛ ቦታ ላይ ስታገኙ መጀመሪያ መውጫ ስጡትና ዘወር በሉለት። መያዝ የግድ ሲሆን ብቻ ያዙ። ከያዛችሁም ሩቅ አትውሰዱት። ስንት ደግ ሰው «ጫካ ወስጄ ለቀቅኩት» ብሎ እንስሳውን ለሞት አሳልፎ እንደሰጠ ቢያውቅ ያዝናል። ለምን እንደሆነ ወደታች እመለስበታለሁ።

በእርግጥ ተቸግሯል ወይ?

ይሄን ጥያቄ ሳትጠይቁ እጃችሁን አትዘርጉ። ወሎ ውስጥ በአጨዳ ሰዓት በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር አለ። ደቦ ተጠርቶ ማሽላ ሲቆረጥ አንድ ልጅ የሚዳቋ ግልገል ወይም የጥንቸል ልጅ አቅፎ እየሮጠ ይመጣል። «እናቷ ጥላት ሄዳለች!» ይላል። አልጣለቻትም። ሚዳቋም ጥንቸልም ልጃቸውን ሣር ውስጥ አስተኝተው ቀኑን ሙሉ ራቅ ብለው ይውላሉ። አብረው ቢውሉ ጠላት ይስባሉና ነው። እናትየዋ የምትመጣው ሰው ሲርቅና ሲመሽ ነው። ግልገሏም ዝም ብላ የምትተኛው ታማ ሳይሆን፣ አትንቀሳቀሺ የሚል ደመ ነፍስ ስላላት ነው።

ስለዚህ ያገኛችሁበት ቦታ ገና ያልታጨደ ከሆነ እዚያው ተዉአት፣ ዙሪያውን ትንሽ ማሽላ አስቀሩላት፣ ውሻውን እሰሩ። ማጭድ እየደረሰባት ከሆነ ግን በሁለት እጅ ሣር ጨምራችሁ አንሷትና ከዚያው ማሳ ዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጧት። እናትየዋ ፈልጋ የምታገኛት ርቀት ላይ ማለቴ ነው፣ ሌላ ቀበሌ አይደለም። አጨዳውንም ከክፍቱ ሜዳ ጀምራችሁ ወደ ቁጥቋጦው ብትሄዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱ ወደ መሸሸጊያው ይወጣል። ከየአቅጣጫው ከባችሁ መሐል ላይ ከተገናኛችሁ ግን የትም መሄጃ የለውም።

የወፍ ጫጩትም እንደዚያው ነው። ላባ አውጥታ፣ ጅራቷ አጠር ያለ፣ መሬት ላይ እየዘለለች የምትጮህ ከሆነች መብረር እየተማረች ነው። እናቷ እዚያው አካባቢ ሆና ትመግባታለች። ድመት ካለ ብቻ አንስታችሁ ቅርብ ቅርንጫፍ ላይ አድርጓት። ገና ላባ ያላወጣች ሥጋዋ የሚታይ ከሆነች ጎጆዋን ፈልጉና መልሷት። «የሰው እጅ ከነካት እናቷ አትቀበላትም» የሚባለው እውነት አይደለም። ጎጆው ከፈረሰ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ሣር ጎዝጉዛችሁ እዚያው ዛፍ ላይ እሰሩት፣ ከዚያ ከሩቅ ሆናችሁ እናቷ መምጣቷን ተመልከቱ።

ቤት ወስዶ ማሳደግን ከአእምሯችሁ አውጡት። የጭላዳ ወይም የጦጣ ልጅ በገመድ አስሮ የሚያሳድግ ሰው ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ሕጉም አይፈቅድም። የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የሚመለከተው አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። እናንተ እያዳናችሁ ነው፤ ስለዚህ ከእጃችሁ የሚቆይበት ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ይሁን።

እጃችሁ፣ ዓይናችሁ፣ ሕይወታችሁ

ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁ። ሽኮኮ ስታዩዋት እንደ ድመት ልጅ ታሳሳለች፣ የላይኛው ጥርሷ ግን ጣት ይበሳል። ፍልፈል አፈር የሚቆፍረው በጥርሱ ነው። የሸለምጥማጥና የቀበሮ ወገን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ የእብድ ውሻ በሽታ። በሽታው የውሻ ብቻ አይደለም። ሥጋ በል የዱር እንስሳትም የሌሊት ወፍም ይይዛቸዋል። በቀን ብርሃን ያለ ፍርሃት ወደ ሰው የሚመጣ፣ የሚንገዳገድ፣ ልጋጉ የሚዝረከረክ እንስሳ ካያችሁ አትርዱት። ልጆችንና ከብቶችን አርቁና ለቀበሌና ለእንስሳት ሐኪም ተናገሩ።

ከተነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ከነካችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። የባህል መድኃኒት ጋ ሄጄ ልይ ብሎ መዘግየት አያስፈልግም፣ ምክንያቱም በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ክትባቱ በተለያየ ቀን እየተቆጠረ የሚሰጥ ስለሆነ አንዱን ወስዳችሁ አትቅሩ።

ለመያዣ ምንም የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። ወፍራም የሥራ ጓንት፣ አሮጌ ፎጣ ወይም አንሶላ፣ ክዳን ያለው ካርቶን። ካርቶኑን እንስሳው ሳይገባ በፊት ብሱት፣ ከገባ በኋላ በቢላ ስትበሱ ዓይኑን ልትወጉት ትችላላችሁ። ነጠላ አትጠቀሙ። ስስ ስለሆነ ጥፍር ይይዛል፣ ወፍ ከሆነች ደግሞ ክሩ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ማዳበሪያም ለመጠቅለያ ጥሩ አይደለም፣ ጠርዙ ይተረተርና ያው ጣጣ ነው። ቤት ውስጥ የገባች ትንሽ እንሽላሊት ወይም አይጠ መጎጥ ከሆነች እንቅብ ደፍታችሁ ከሥር ሰፌድ ቀስ አድርጋችሁ ማስገባት ነው። እናቶች ይቆጣሉ፣ ስለዚህ አሮጌውን ውሰዱ።

ካርቶን ውስጥ ያለ እንስሳ የሚፈልገው ጨለማና ዝምታ ነው። ወተት አትስጡ፣ የላም ወተት ሆዱን ያበላሸዋል። ውሃም በአፉ አታንቆርቁሩ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባና ይገድለዋል። ሰው አትሰብስቡ። እንደ ጥንቸልና ሚዳቋ ያሉት ቁስል ሳይኖርባቸው በድንጋጤ ብቻ ይሞታሉ። ለቲክቶክ ብሎ እያገላበጡ መቅረጽ ይቅር በቃ።

አስፋልት ላይ ያለ ኤሊ

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ ተሳፍረን ስንወርድ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። መንገዱ መሐል አንድ ኤሊ ቆማለች፣ አንገቷን አስገብታለች። ከኋላችን አይሱዙ እየመጣ ነው። ረዳቱ ወረደ፣ እኔም ወረድኩ። መጀመሪያ ያደረግነው ኤሊዋን ማንሳት አልነበረም፣ ለመኪናው በእጅ ምልክት መስጠት ነበር። ይሄን አትርሱ። ኤሊ ለማዳን ሰው መገጨት የለበትም።

ረዳቱ አንስቶ በመጣችበት በኩል ሊያስቀምጣት ሲል «ወንድሜ ወዴት ነበር ፊቷ?» አልኩት። ወደ ቀኝ ነበር። እንግዲያው ወደ ቀኝ። ኤሊ መሄድ የፈለገችበትን ታውቃለች፤ ወደ ኋላ ከመለሳችኋት እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ያንኑ አስፋልት እንደገና ልትሻገር ትመጣለች። ከመንገዱ ዳር ሠላሳ አርባ እርምጃ ገባ አድርጋችሁ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይበቃል።

አነሳሷም ወግ አለው። በሁለት እጅ፣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መሐል፣ የድንጋይ ልብሷን ከግራና ከቀኝ ያዙ። ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀጥ እንዳለች ውሰዷት። አትገልብጧት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ኤሊ ስትደነግጥ ሽንቷን መልቀቋ ነው። ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጥላታል። ያ ውሃ ግን በደረቅ ወራት የምትኖርበት ስንቋ ነው። የኛዋም ረዳቱ እጅ ላይ ለቀቀችው። ውሃ ከሃይላንዱ በዝርግ ክዳን አፈሰስንና አፏ አጠገብ አስቀመጥንላት፣ ጠጣችም አልጠጣችም ተውናትና ተሳፈርን። እና እባካችሁ «ውሃ ትወዳለች» ብላችሁ ወንዝ ውስጥ አትጣሏት። የየብስ ኤሊ ዋና አትችልም፣ ትሰጥማለች።

እስስት

ደሴ ሆጤ አካባቢ ልጆች ከበው ድንጋይ ሲወረውሩ ደረስኩ። አጥር ላይ እስስት ናት፣ ጠቁራለች። ልጆቹ «ጋሼ አይንኳት፣ መርዝ አላት!» አሉኝ። የላትም። እስስት መርዝ የላትም፣ አትናደፍም፣ ስትናደድ አፏን ከፍታ ትነፋለች እንጂ። የጠቆረችው ስለፈራች ነው፣ ሲበርዳትም ትጠቁራለች።

እስስትን ጎትቶ ማንሳት ትልቅ ስህተት ነው። እግሯ እንደ መቆንጠጫ ሁለት ጎን ተከፍሎ ቅርንጫፉን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጅራቷም ይጠመጠማል። ብትጎትቷት ጣቷ ይሰበራል። አንድ ቀጭን እንጨት ፊት ለፊቷ፣ ከደረቷ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አጋድሙላት። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ትወዛወዛለች፣ ሐሳቧን የቀየረች ይመስላል፣ ከዚያ ያንን ሁለት ጣት በግራ ሦስት ጣት በቀኝ የሆነ እጇን እንጨቱ ላይ ታሳርፋለች። አትቸኩሉ። አራቱም እግር እንጨቱ ላይ ሲሆን ውሰዷት። ልጆቹ መጨረሻ ላይ እንጨቱን እየተቀባበሉ ቁጥቋጦው ድረስ አደረሷት፣ ከዚያ ወዲህ ያ ሰፈር ልጆች እስስት ሲያዩ ይጠሩኛል።

እባብ

እዚህ ጋ ምክሬ አጭር ነው፦ አትያዙ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፣ በዚህ ጉዳይ መደንበሩ ይሻላል። እፉኝት ወፍራም፣ ሰነፍ ትመስላለች፣ ዝም ብላ ትተኛለች፣ ስትነድፍ ግን ዓይን አይከተላትም። ቤት ውስጥ ከገባ ልጆቹን አውጡ፣ ሦስት አራት ሜትር ራቁ፣ ወደ ውጭ የሚወስደውን በር ክፈቱ፣ ሌሎቹን ዝጉ፣ ጸጥ በሉ። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ዓይኑን አይንቀል፣ መውጣቱን ሳታዩ የተኛበት ክፍል እንዳትገቡ። አብዛኛው እባብ መንገድ ካገኘ ይወጣል። የመጣው አይጥ ሊበላ ስለሆነ እህል ያለበትን ጎተራና ጆንያ ካላስተካከላችሁ ሌላ ይመጣል። የተገደለ እባብም ጭንቅላቱ ለተወሰነ ጊዜ ሊነክስ ስለሚችል በእጅ አትንኩት።

ሰው ከተነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፉ፣ ታማሚው እንዳይራመድ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል ፍጠኑ።

የሌሊት ወፍ፣ የሐይቅ ወፍ፣ ማጣበቂያ

የሌሊት ወፍ ቤት ውስጥ እየዞረች ከሆነ መብራት አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ትወጣለች። መሬት ላይ ከወደቀች በባዶ እጅ በፍጹም። ትንሽ ካርቶን ድፉባት፣ ከሥር ጠፍጣፋ ወረቀት አስገቡ። ስትለቋት መሬት ላይ አታስቀምጧት፣ ብዙዎቹ ከመሬት ተነስተው መብረር ይከብዳቸዋል። ሲመሽ ካርቶኑን ሸካራ የዛፍ ግንድ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስጠጉት፣ ራሷ ትንጠላጠላለች።

ሐይቅ ከተማ ዳር የዓሣ መረብ ውስጥ የተጠላለፈ ወፍ ካገኛችሁ መጀመሪያ ዓሣ አጥማጁን ጥሩት። መረብ ውድ ነው፣ ንብረቱም የሱ ነው። በፎጣ ጭንቅላቷን ሸፍኑ፣ ክንፎቿን ወደ ጎኗ ሰብስቡ፣ ከዚያ ክሩን በመቀስ አንድ በአንድ ቁረጡ። አትጎትቱ። ሽመላና መሰሎቿ ረጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ዓይን ላይ ያነጣጥራሉ፣ ምንቃሯን አንድ ሰው ይያዝ፣ አፍንጫዋን ግን እንዳይደፍን። ክሩ ሁሉ መውጣቱን ክንፏን ዘርግታችሁ እዩ። አንዲት ስስ ክር ብትቀር ቀስ በቀስ እግር ትቆርጣለች። አንድ ጊዜ መረቡን ስንቆርጥ ባለቤቱ ዝም ብሎ አየኝ፤ መጨረሻ ላይ «ያንን በኩል ተወው፣ እኔ እፈታዋለሁ» ብሎ አርባ ደቂቃ በጣቱ ፈታ። ለተቆረጠው የሰጠሁትን ገንዘብ ግማሹን መለሰልኝ።

የአይጥ ማጣበቂያ ሱቅ ለሱቅ ይሸጣል፣ እኔ ባይሸጥ ደስ ይለኛል። እንሽላሊትና ወፍ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ይገድላል። የተጣበቀ ካገኛችሁ መጀመሪያ ነፃ የሆነውን ማጣበቂያ ዱቄት ወይም አመድ ነስንሱበት፣ እንደገና እንዳይጣበቅ። ከዚያ የምግብ ዘይት በጥጥ እየነከራችሁ ከዳር ወደ መሐል አለስልሱት። ሲለቅ በለብታ ውሃ ዘይቱን ጠረግ ጠረግ አድርጋችሁ ሙቅ ቦታ ይድረቅ። ዘይት የነካው ላባ ሙቀት ስለማይይዝ ወፏን እርጥብ ሆና አትልቀቋት።

የት ነው የሚለቀቀው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሩቅ መውሰድ ደግነት ይመስላል። እንስሳው ግን ሰፈሩን ያውቃል፣ ውሃው የት እንዳለ፣ ጉድጓዱ የት እንደሆነ፣ ጠላቱ በየት እንደሚመጣ። ባዕድ ቦታ ስትጥሉት ያንን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያጣል። እዚያ ያሉት የራሱ ወገኖችም ያባርሩታል፣ ወይ ወደ ቤቱ ልመለስ ሲል መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከአደጋው የወጣበት፣ ከተገኘበት ግን የማይርቅ ቦታ። ለእስስት ቀጣዩ አጥር ይበቃታል። ለኤሊ የመንገዱ ማዶ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባ እንስሳ እዚያው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይለቀቃል።

ከፍታውንም አስቡ። ኮምቦልቻና ደሴ በመኪና ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ናቸው፣ ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ሲሆን ደሴ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በመሐላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ብርዱ የት እንደሚጀምር ያውቃል። የቆላ እንሽላሊት ወይም ኤሊ ይዛችሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር «ዛፍ አለ» ብላችሁ ብትለቁት የመጀመሪያው ሌሊት ይበቃዋል። የራሱ ሙቀት የለውም፣ ከፀሐይ ነው የሚያገኘው።

ሰዓቱም ለየቅል ነው። እስስት፣ እንሽላሊትና ኤሊ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከረፋዱ ሦስት አራት ሰዓት ላይ ይለቀቁ፣ ማታ እስኪደርስ መሸሸጊያ ያገኛሉ። ሸለምጥማጥ፣ ጃርት፣ የሌሊት ወፍና ጉጉት ግን የሌሊት ናቸው፣ ሲመሽ ልቀቋቸው። ጉጉት በቀን ብትለቋት ቁራ ይሰበሰብባታል። ስትለቁ ካርቶኑን በጎኑ አጋድማችሁ ክፈቱና ራቁ። አትግፉት፣ አትነቅንቁት። አንዳንዱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ያስባል። ይሄን ግማሽ ሰዓት ስጡት።

የቆሰለ ከሆነ፣ አጥንቱ የተሰበረ፣ ዓይኑ የፈረጠ፣ ራሱን መያዝ ያቃተው ከሆነ አትልቀቁት። ጨለማ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ቅርብ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ከብት የሚያክም ሐኪም የሽኮኮ እግር ማሰርም ይችላል፣ ካልቻለም ማን ጋ እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅም ጥሩ ነው፣ በተለይ የተያዘ ጭላዳ ወይም ሌላ ለንግድ የታሰረ እንስሳ ካያችሁ። ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል ከሕገወጥ ይዞታ የተወሰዱ የዱር እንስሳትን ይንከባከባል፣ እዚያ የሚደርሱት ግን በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ነው እንጂ እናንተ በሚኒባስ ጭናችሁ አይደለም።

ቦረና ሳይንት፣ አቡነ ዮሴፍ ወይም ደላንታ ደጋ ላይ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ቀበሮ ታማ ወይም ሞታ ካያችሁ አትጠጓት፣ ቦታውን ለፓርኩ ወይም ለማኅበረሰብ ጥበቃው ሰዎች ንገሩ። በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፣ ብዙ የሚገድላቸው ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ውሻችሁን ማስከተብ ለነሱ ከምታደርጉት ሁሉ ይበልጣል።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ

ጉድጓድ ካላችሁ እንስሳ እስኪወድቅ አትጠብቁ። በፕላስቲክ የተለበጠ ማቆሪያ ማንም የማይወጣበት ወጥመድ ነው፣ ሽኮኮ፣ ጉርጥ፣ ጃርት፣ የራሳችሁ ጫጩት ሳይቀር። ሕፃንም ጭምር፣ ስለዚህ አጥሩ ከሁሉ ይቅደም። ከዚያ ከአንዱ ጥግ ውሃው ሥር ድረስ የሚወርድ ሻካራ ነገር አስገቡ። ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ወፍራም ገመድ፣ አሮጌ መረብ፣ ወይም ማዳበሪያ የተጠመጠመበት አጣና ይሆናል። ሾጣጣው ጫፍ ፕላስቲኩን እንዳይበሳ በጨርቅ ጠቅልሉት። ውሃው ሲጎድልም መድረስ ስላለበት አጭር አይሁን። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድም፣ ውሃ እንዲሰርግ እርከን ላይ የሚቆፈር ጉድጓድም ጥልቀት ካለው አንዱን ጎን ተዳፋት አድርጉት ወይም ሳንቃ ጣሉበት። ማታ ቆፍራችሁ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ውስጡን እዩ፣ አፈር ከመመለሳችሁ በፊት።

የዶሮ ቤቱን ጉዳይ ደግሞ ያን ቀን ከአክስቴ ጋር ጨረስነው። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋ ያልፋል። ቀዳዳዎቹን በጭቃና በድንጋይ ደፈንን፣ የበሩን ሥር በቆርቆሮ ለበጥን፣ ማታ ማታ መዝጋቱን የልጇ ሥራ አደረግነው።

ዘንድሮ ስሄድ መጀመሪያ ወደ ማቆሪያው ወረድኩ። ያኛው አጣና ክረምቱን በስብሶ ኖሮ አክስቴ በአዲስ ቀይራዋለች። አዲስ ማዳበሪያም ጠምጥማበታለች። ከላይ በድንጋይ መጫኑን ብቻ ረስታው ነበር፣ ሁለት ድንጋይ አምጥተን ተጫንነው።